ሆዱን የገፋ አጥር

ባለፈው ጥር ውጫሌ ላይ አንድ ሰው ተቀበረ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ይርጋ። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የበኩር ልጁ ነበር፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ ያፈራቸውን ልጆች ካነበበ በኋላ ወደ ደርግ ዘመን መጣ። «በመንደር ምሥረታው ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው ሲያገለግሉ፣ መሬቱ ሊንሸራተት መሆኑን አስቀድመው በመረዳት የሠላሳ አባወራ ሕይወት አትርፈዋል» አለ። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። አጠገቤ በከዘራው ተደግፎ የቆመው ወንድሜ ታደሰም ራሱን እየነቀነቀ፣ «እውነት ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ለእኔም ውለታ ውሎልኛል» አለኝ።

እኔ ከንፈሬን አልመጠጥኩም። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ አርባ ዓመት ያህል ሠርቼበታለሁ። ልጁን አልወቅስም፤ አባቱ የነገረውን ነው የጻፈው። አባትየውን ግን እወቅሳለሁ። በሕይወት ሳለ ለምን አልተናገርሽም፣ አሁን መልስ በማይሰጥበት ጊዜ ለምን ትጽፊያለሽ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ ተገቢ አይደለም። በእኔም ላይ ተገቢ ያልሆነ ብዙ ነገር ተደርጓል።

የዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከውጫሌ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር ነው። አምባሰልን ከታች ለሚያየው ግዙፍ ደረጃ ይመስላል፦ ጥቁር ገደል፣ ከገደሉ እግር ትንሽ ሜዳ፣ ከሜዳው ጫፍ ደግሞ ሌላ ገደል። ሰው የሚያርሰውም፣ የሚጸልየውም፣ የሚቀበረውም በደረጃዎቹ ላይ ነው። ከታች የመኪናው መንገድ ከሐይቅ መጥቶ ወደ ወልዲያ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ወታደር የጫኑ ኡራሎች ወደ ሰሜን ያጓሩ ነበር። እኛ ከላይ ሆነን፣ መኪናውን ሳናየው፣ ጭነት እንዳለውና ባዶ እንደሆነ በድምፁ እንለይ ነበር። ጥቅምት ሲገባ የማሽላ እሸት በፍም ለብልበን፣ በመዳፋችን አሽተን፣ ገለባውን እፍ እያልን ስንበላ ያ ድምፅ ከሥራችን ይመጣል። ዛሬም እሸት ስበላ ጆሮዬ ሞተር ይጠብቃል።

ጎረቤታችን አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከማሳቸው በላይ አባታቸው የተከሉት የቅንጭብ አጥር ነበራቸው። የአጥሩ ሁለት ጫፎች ሁለት ትልልቅ ቋጥኞች ላይ ያርፋሉ፤ መካከሉ አርባ እርምጃ ያህል ለስላሳ አፈር ላይ ያልፋል። ከብት ለመከልከል ብቻ የተተከለ አልነበረም። በየዓመቱ ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ፣ አያ እንድሪስ ከቋጥኝ እስከ ቋጥኝ ገመድ ይወጥራሉ። መሬቱ ክረምት በጠጣ ቁጥር ጥቂት ወደ ታች ይወርዳል፤ አጥሩንም ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ መካከሉ ከገመዱ እየራቀ እንደ እርጉዝ ሴት ሆዱን ይገፋል። ርቀቱን ለክተው ዱላቸው ላይ በቢላ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከአምናው ምልክት ጋር ያስተያያሉ። «ዘንድሮ ሁለት ጣት ጨመረች» ይላሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተኝታለች።» በአንድ ክረምት ስንዝር ከሞላ ግን ከአጥሩ በታች አይታረስም፤ በረትም አይቀለስም፤ ሰውም አያድርም። ሕጋቸው ይህ ነበር።

የገመዱን ማዶ ጫፍ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ። የራሳቸው ሦስት ልጆች ወንዶች ናቸው፤ ገመድ ይዞ መቆም ሰልችቷቸው ይሮጣሉ። «ይቺ ልጅ ስትቆም እንደ ችካል ናት» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ እንደዚያ ያኮራኝ ግን የለም።

ከድርቁ በኋላ መንደር ምሥረታ መጣ። መሬት ለአራሹ ከሆነ ቆይቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ አራሹ ራሱ ተሰብስቦ በመስመር ይኑር ተባለ። ከወንዙ ማዶ ያሉ ሦስት ጎጦች ወደ እኛ እንዲመጡ ተወሰነ፤ ቦታውን የመረጠው ይርጋ ነው። የመረጠውም ከአያ እንድሪስ አጥር በታች ያለውን ሜዳ ነበር፤ ምክንያቱም ከመንገዱ ይታያል። ባለሥልጣን በመኪና ሲያልፍ ቀና ቢል ቤቶቹ ተሰልፈው እንዲያይ ነው። ሜዳው በዚህ ሁሉ ዘመን ያለ ቤት የቆየው ለምን ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አያ እንድሪስ በስብሰባ ላይ ተነሥተው «እዚያ አይታደርም» ቢሉ፣ በሳምንቱ ለጥያቄ ተብለው ውጫሌ ተወሰዱ። አንድ ወር ያህል ቆዩ።

ይርጋ ጨካኝ ነበር ብዬ አልጽፍም። ፈሪ ነበር። ከላይ የመጡ ሰዎች ፊት ቆሞ ሁሉን «እሺ» ሲል አይቻለሁ። የብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝር ግን በዚያ ፈሪ ሰው እጅ ነበር። ወንድሜ ታደሰ ደግሞ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። አባታችን ሞቷል፤ በሬ የሚጠምድ ሌላ ወንድ ቤታችን ውስጥ የለም።

በጥቅምት መጀመሪያ ይርጋ ቤታችን መጣ። እናቴ ያቀረበችለትን በልቶ፣ መርቆ፣ ሲወጣ እኔን ወደ ጓሮ ጠራኝ። ከአዲስ አበባ መሬት የሚመረምር ሰው ሊመጣ ነው፤ አንቺ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሻል፣ መለኪያውን እየያዝሽለት አብረሽው ትሠሪያለሽ አለኝ። ማትሪክ ስላልመጣልኝ ዓመቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ነበር የከረምኩት፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሱም ደስታዬን አየና ቀጠለ።

«ከዚያ በፊት ግን ያን አጥር አስተካክይው። የተጣመመ አጥር ለእንግዳ ደስ አይልም።»

«የአያ እንድሪስን አጥር?»

«የእንድሪስ የሚባል አጥር የለም። የማኅበሩ ነው።»

ገመዱን ማን ይይዝ እንደነበር እሱም ያውቃል፤ እዚያው ነው ያደገው።

«ታደሰ ስንት ሞላው አሁን?» አለኝ።

«ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ እንጂ። አንቺ አፍሽን ከያዝሽ፣ እኔ ዝርዝሩ በእጄ እስካለ ድረስ ከእናቱ ጓሮ አይወጣም።»

ያን ቀን የተባለው ይኸው ነው። ከሁለታችን በቀር የሰማ የለም። አሁን ደግሞ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከወጣቶች ማኅበር አራት ልጆች ተሰጡኝ፤ ሦስት ቀን ሠራን። ቅንጭብ ሲቆረጥ ነጭ ወተቱ ይፈሳል፤ ዓይን ከነካ ያቃጥላል። ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን እየነቀልን መልሰን ተከልን። ልጆቹ እየዘፈኑ ነበር የሚሠሩት፤ በእንጉርጉሮ የሚጀመር፣ የአገራችንን ስም በያዘው በአምባሰል ቅኝት የሚዜም የአጨዳ ዘፈን ነበር። ለእነሱ እንግዳ ለመቀበል አካባቢ ማሳመር ነው። ገመዱን ከቋጥኝ ቋጥኝ የወጠርኩት እኔ ነኝ፤ መወጠሩን ከማን እንደተማርኩ መናገር አያስፈልግም። ስንጀምር የአጥሩ ሆድ ከገመዱ አምስት ስንዝር ርቆ ነበር። የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል የተጻፈበት ሆድ ነው። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ። አራቱም ልጆች በዚያው ዓመት ጥር ኡራል ላይ ተጭነው ሄዱ፤ የሁለቱን ስም ብቻ ነው አሁን የማስታውሰው፤ ያም ያሳፍረኛል።

ባለሙያው መጣ። ሰዉ «ድንጋይ አንኳኪው» ብሎ ስም አወጣለት፤ አንዲት ትንሽ መዶሻ ይዞ ባለፈበት ቋጥኝ ሁሉ ያንኳኳል። ስሙን አልጽፍም፤ ስለ እሱም ብዙ አልጽፍም። ሁለት ሳምንት አብሬው ዞርኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሁለት ሳምንት የለም።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ተራራ ለእኔ ተራራ ነበር፤ እግዜር እንዳስቀመጠው የተቀመጠ። እሱ ግን ገደሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ አሳየኝ። ጥቁሩ ድንጋይ ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው አለኝ። ፈሶ ይረጋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ላዩ ላይ አፈር ይበቅላል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ብዙ ሺህ ዓመት ያልፋል። ከዚያ እንደገና ይፈሳል፤ ያን አፈር እንደ ሸክላ ይጠብሰዋል። በጥቁሮቹ ገደሎች መካከል እንደ መቀነት የሚታየው ቀይ መስመር ያ የተጠበሰ አፈር ነው። እናቴ ቤት ስትለቀልቅ የምታመጣው ቀይ አፈር! ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጠው ኖሬ አንድም ቀን ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ውሃ በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ገብቶ ይወርድና ቀዩ ጋ ሲደርስ አያሳልፈውም፤ ስለዚህ በጎን ይወጣል። ምንጮቻችን ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ የተደረደሩት ለዚያ ነው። ሰው ምንጩን ተከትሎ ሰፈረ፤ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱም ሰውን ተከትለው መጡ። ግሸንም እንደዚሁ ናት አለኝ፤ ዙሪያዋ እየተናደ ሄዶ ጠንካራው ብቻ ቀርቶ ነው መስቀል የመሰለችው። የነገሥታት ልጆች የታሰሩበትን ገደል ድንጋዩ ነው የሠራው፤ ንጉሡ ዘበኛ ብቻ ነው ያቆመው። ይህን ሲለኝ ሳቅኩ፤ ለቄሳችሁ እንዳትነግሪያቸው አለኝና አብረን ሳቅን።

አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ወረድን። ከውሃው ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በአዋዜ በላን፤ እሾሁን እየለቀመ ለእኔ ያቀርብልኝ ነበር። የሐይቁ ጎድጓዳ መሬት ተሰንጥቆ የሰጠመ መሆኑን፣ ውሃው ገብቶ የሚወጣበት ወንዝ እንደሌለው ነገረኝ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሄድ እኔ ከውጭ ቀረሁ፤ ሴት አይገባም። ገዳሙ ያለበት ልሳነ ምድር ጥንት ደሴት እንደነበር፣ መነኮሳቱ በታንኳ ይሻገሩ እንደነበር ተመልሶ አወራልኝ። እሱ ገብቶ ያየውን ለእኔ በቃል አመጣልኝ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ተናድጄም ነበር። ዛሬ የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ያን ቦታ አልፌ ስሄድ ሁለቱም ስሜቶች እንዳሉ ናቸው።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ መንደሩ ቦታ ወጣን። ሜዳውን ዞሮ ዞሮ ከአጥሩ አጠገብ ቆመ።

«ቀዩ አፈር ውሃ ሲጠግብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል» አለኝ። «ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ዛፍ ይዘማል፣ አጥር ይታጠፋል። እዚህ አጥር ታጥፎ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አጥሩን አየሁት። ቀጥ ብሏል። ታደሰ ከታች ሲያርስ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ በሬውን በስሙ እየጠራ።

«አላውቅም» አልኩ።

ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። ጉድጓድ ሳላስቆፍር አልፈርምም ሲለኝ ሰንብቶ ነበር። ይርጋ ግን በማግስቱ በግ አረደ፤ ከአውራጃ የመጡ ሰዎችም ቸኩለዋል። ጉድጓድ አልተቆፈረም። ከጥብሱ በኋላ «ለመኖሪያ ተስማሚ ነው» የሚለው ወረቀት ላይ ሲፈርም አይቻለሁ። ሲሄድ ለሥልጠና አስጠራሻለሁ፣ ዓይን አለሽ ብሎኝ ነበር። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ መልስ አልመጣም። የእኔ ውሸት አለበት፣ አልክድም። ያልተቆፈረው ጉድጓድ ግን የእሱ ነው።

አያ እንድሪስ በኅዳር ተፈተው መጡ። ከስተዋል። አጥሩ ጋ ሲቆሙ ከሩቅ አየኋቸውና ልደበቅ አስቤ ተውኩት፤ ቀረብኩ። የበቀለውን ቅንጭብ በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ይዟል» አሉ። «እጅሽ ጥሩ ነው።»

ሌላ ምንም አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቶቹ በበጋው ተሠሩ፤ የማዶ ሰዎች በግንቦት ገቡ። እኛም ታዘን ገባን፤ አያ እንድሪስም። የይርጋ ቤት ግን ከላይ አለቱ ላይ በነበረበት ቀረ፤ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ አይነካም ተባለ። ክረምቱ ከድርቁ በኋላ ከመጡት ሁሉ የከበደ ነበር። ሐምሌን ሙሉ ገደሉን በደመና ተሸፍኖ እንጂ አላየነውም። በነሐሴ አንድ ጠዋት በራችን አልዘጋ አለ፤ መቃኑ ዘሟል። እናቴ እንጨቱ ረጥቦ ነው አለች። እኔ ወደ አጥሩ ወጣሁ።

ሆዱን ገፍቷል። አያ እንድሪስን ጠራኋቸው፤ ገመዱን ይዘው መጡ። ማዶውን ጫፍ ያዝኩ፤ ከጥቅምት በፊት እንደማደርገው። ለኩ። አራት ስንዝር።

«ሃምሳ ዓመት የፈጀባትን በአንድ ክረምት ልትጨርሰው ነው» አሉ። ከዚያ ቁጭ አሉ። አጥሩን ከእኔ ቀድመው አይተው ለይርጋ ነግረውት ኖሯል፤ እሱም የማዶ ሰዎችን ሰብስቦ፣ የእንድሪስ አጥር እኮ ከአባቱ ጀምሮ የተጣመመ ነው፣ ራሱን ጠይቁት ብሏቸዋል። ሲጠየቁ ምን ይበሉ? እውነት ነው፤ ከአባታቸው ጀምሮ የተጣመመ ነበር። የማዶ ሰዎች የማያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አጥሩ አምና በጥቅምት ተነቅሎ ቀጥ መደረጉን። ያን የሚያውቅ ሰው አራት ስንዝሩ የዘንድሮ መሆኑን ያውቃል። አራቱ ልጆች ጦር ሜዳ ናቸው።

«እኔ ሦስት ወንዶች አሉኝ» አሉኝ አያ እንድሪስ። «ደግሜ ብናገር ሦስቱም ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ብናገርም አያምኑኝም። አንቺን ያምኑሻል፤ የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

ቤት ገባሁ። ታደሰ ሞፈር እየጠረበ ነበር፤ ምን ሆነሻል አለኝ፤ ምንም አልኩት።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ይህን ቁጥር ላሳጥረው ስንት ጊዜ ፈልጌያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዝናቡ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። በሁለተኛው ቀን ይርጋ ጋ ሄጄ ለመንኩት፤ ሰዎቹን በሰበብ አንሣቸው፣ አጥሩን ሳትጠራ አንሣቸው አልኩት። ከአውራጃ የፈረሙበትን እኔ ላፈርስ ነው? አለኝ። በሦስተኛው ቀን ተቀምጬ ታደሰን ሲበላ አየሁት። ሲበላ ፍርፋሪ አያስቀርም ነበር፤ ጣቱን እየላሰ፣ እናቴን እያሳቀ። እዚህ ሜዳ ላይ እንደ እሱ የሚበሉ ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ሞከርኩና ተውኩት።

በማግስቱ ማለዳ ሴቶቹ ምንጭ ላይ ነበሩ። ውሃው ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበር፤ እንስራ ይዘው ይጠራል ብለው ይጠብቃሉ። ነገርኳቸው። አጥሩን እንደነቀልኩ፣ ማን እንዳዘዘኝ፣ ለመርማሪው እንደዋሸሁ፣ አራት ስንዝሩ የዘንድሮ ብቻ መሆኑን። ስለ ዝርዝሩ ግን አንድ ቃል አላወጣሁም። ዘይነባ የምትባል የማዶ ሴት ነበረች፤ ምላሷ የሚፈራ፤ የስድስት ልጆች እናት። አራት ስንዝር? አለችኝ። በእጇ አየር ላይ ለካችው። ከዚያ የያዘችውን እንስራ ባዶውን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላ መንገድ ጀመረች።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሰዉ እየወጣ ነበር። ክርስቲያኑ እስላሙ ሳይባል ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የሌለው ወደ መስጊዱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፤ ሁለቱም አለቱ ላይ ናቸው። ይርጋ ሁለት ታጣቂ ይዞ መንገዱ ላይ ቆመ። ይህ አድማ ነው፣ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል አለ። ዘይነባ ልጇን አዝላ ፊቱ ቆመች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንተ የት ነው የምታድረው?»

ቀና ብሎ ወደ አለቱ አየ።

«ዛሬ እኔ ቤት እደር። መደቡን አንጥፌልሃለሁ፤ ወላሂ ቁንጫ የለውም። እኔ አንተ ቤት አድራለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከታጣቂዎቹም አንዱ ሳቀ። ይርጋ ከመንገዱ ዞር አለ። ዞር አለ እንጂ እለፉ አላለም፤ ይህን ለታሪክ ጸሐፊው ልጁ አስመዘግባለሁ።

መሬቱ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄደ። ሄደ የምለው እንደዚያ ስለነበር ነው። ናዳ ሲባል ድንጋይ ተንከባሎ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ይህ ግን ሜዳው ከነቤቶቹ፣ ከነጓሮው ቃሪያ፣ ቆሞ መጓዝ ጀመረ። ቤቶቹ ለጥቂት ጊዜ ሰልፋቸውን አልለቀቁም። ከዚያ አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ። ከሥራቸው ቀዩ ወጣ፤ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፤ አየሩ የታረሰ መሬት ይሸት ነበር። አንድም ሰው አልሞተም። የአያ እንድሪስ በሬ ቀረ፤ ሊመልሱት ሄደው አልነሣ ብሏቸው ነበር። አለቱ ላይ ቆመው ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ ሰው ሁሉ ዓይኑን መለሰ።

ይርጋ በሳምንቱ ሪፖርት ጻፈ። ባለው ንቃት አደጋውን ቀድሞ ተረድቶ ሕዝቡን አስነሣ የሚል ነው፤ በስብሰባ ተነበበ፤ ተጨበጨበለት። እውነቱን ቢጽፍ እንደሚታሰር ይገባኛል። ያ ብቻ ቢሆን እተውለት ነበር። በጥቅምት ግን አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ የታደሰ ስም ከላይ ሦስተኛው ነበር። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። «ኮታ ነው» አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ። ታደሰ ኡራሉ ላይ ሲወጣ ይርጋ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ የቻልኩትን ያህል አቆይቼህ ነበር ብሎ ሸኘው። ታደሰ ውለታ የሚለው ይህን ነው።

ወንድሜ ደርግ ከወደቀ በኋላ መጣ። ግራ እግሩ አልታጠፍ ብሎ፣ ከወልዲያ በጭነት መኪና። እናቴ አልጠበቀችውም፤ ከሁለት ዓመት በፊት አርፋለች። ለምን በዚያ ጥቅምት ተወሰድኩ? ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ይርጋን ላጋልጥ ብል ታደሰን ለምን እንደወሰደው መናገር አለብኝ፤ ያን ከተናገርኩ ደግሞ አፌን የከፈትኩት ምን እንደሚከተል እያወቅሁ መሆኑን ይሰማል። ሰውየው በሰረቀኝ ስም ሲከበር ዓመት በዓመት ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ያናደደኝ ሌላ፣ የያዘኝ ሌላ።

ከቀብሩ በኋላ ጻፍኩት። ታደሰ ዓይኑ ደክሟል፤ ማንበብ አይችልም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ምንጩ ጋ ስደርስም አላቆምኩም። ስጨርስ አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ያልፉ ነበር።

«ስንት ቀን አሰብሽ አልሽ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ።»

የማይታጠፈውን እግሩን በሁለት እጁ ይዞ አመቻቸው። «ሠላሳ ቤት ሰው ከታች ተኝቶ፣ ሦስት ቀን ስለ እኔ አስበሻል» አለ። «አንድ ቀን ቢሆን ኖሮ እቀየምሽ ነበር።»

ስቆ ይሁን ሳይስቅ ለማየት ፊቱን አላየሁትም። ቆይቶ ደግሞ አንድ ነገር ለመነኝ፤ የሰውየው ልጆች አሉ፣ ስሙን ቀይሪው አለኝ። ስለዚህ እዚህ ይርጋ ያልኩት ሰው ስሙ ይርጋ አይደለም። ለሟቹ አዝኜ አይደለም። ለእሱ ይቅርታ አላደረግሁም፤ ስሙን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ብዬ ነበር ብዕር ያነሣሁት። የለመነኝ ግን ወንድሜ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከእኔ የለመነው ይህንን አንድ ነገር ብቻ ነው።